ቀለሙ አልቋል ያልኩበት ቀን

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጎረቤቴ ጌታሁን የሽፈራው ዛፍ ችግኝ ሊወስድ መጥቶ አጠገቤ አረፍ ብሏል። ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ከታች ቀስ እያለች ወጣችና የአካባቢ ምርጫ ስለሚካሄድ ነዋሪው ሳይዘገይ እንዲመዘገብ እየደጋገመች አልፋን ሄደች። ጌታሁን ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀ።

"ለቀበሌ ምርጫ ደግሞ ማን ይሰለፋል?" አለ። "የትልቁስ ይሁን፣ አገር የሚመራ ነው። የቀበሌ ሰው እገሌ ሆነ እገሊት ምን ይለውጣል? ማኅተም መምታት አይደል ሥራቸው?"

ልመልስለት ፈልጌ ነበር። ሠላሳ ዓመት ግድም የሆነው አንድ ነገር ትዝ አለኝና "እንጃ" ብቻ አልኩት። ችግኙን ይዞ ሄደ። እኔ ምሳ እስኪቀርብ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ ልጽፈው ነው። ለባለቤቴም ቢሆን የነገርኳት ግማሹን ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አርባ ምንጭ ዘመድ ቤት ተቀምጬ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ነጥቡ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ወደ ወላጆቼ ተመልሻለሁ። አገራችን ከገረሴ ከተማ ብዙ የማይርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የምናገረው ጥፋት የእኔ እንጂ የቀበሌው አይደለም። ደጋ ነው። ጠዋት ጉሙ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ እስኪነሳ ድረስ የጎረቤት አጥር አይታይም። በበልግ ደግሞ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ልብስ ሳምንት ቢሰጣም አይደርቅም። የቆላውን ሙቀት፣ የአርባ ምንጭን ማንጎና ዓሣ ለለመደ ልጅ ቀኑ አልገፋ ይለዋል። አባቴ አቶ ዘለቀ ገብስና እንሰት የሚያለማ፣ ሰው ሲጣላ ለዕርቅ የሚጠራ፣ የተከበረ ገበሬ ነበር። እኔ ግን ከተማ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ ነበርኩ። ሰዎች በአባቴ ፊት ስለ ትምህርቴ ባለመጠየቅ ያዝኑልኝ ነበር፤ ከመጠየቁ ይልቅ አለመጠየቁ ያመኝ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መምህር ታደሰ አንድ ቀን ቤታችን መጣ። የቀበሌው ምርጫ አስፈጻሚ ሰብሳቢ ሆኖ ተመድቧል።

"ጽሕፈትህ ያማረ ነው" አለኝ። "መራጮችን የሚመዘግብልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሥራ ከመፍታት ይሻልሃል።"

አባቴ ያን ቀን ሲስቅ አየሁት። ተመልሼ ከመጣሁ ወዲህ መጀመሪያው ነበር።

የሚመረጠው የቀበሌው ምክር ቤት ነበር። ያኔ ምክር ቤቱ ምን እንደሚሠራ ብትጠይቁኝ "ስብሰባ" ብዬ አልፍ ነበር። የወል መሬቱ ለማን እንደሚሰጥ፣ የምንጩ ውሃ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ የእርዳታ እህል ሲመጣ የማን ስም ቀድሞ እንደሚጻፍ፣ በድንበር የተጣሉትን እነማን እንደሚዳኙ፣ የትኛው መንደር ለመንገድ ሥራ እንደሚወጣ፣ ይህ ሁሉ የሚወሰነው በዚያች ቆርቆሮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። ሳየው ነው ያደግኩት። ግን ከልጅነት ጀምሮ የሚያዩት ነገር አይታይም፤ የቤታችንን ምሰሶ ማን ቆጥሮት ያውቃል?

ከቀበሌያችን ቁልቁል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሸክላ ሠሪዎች የሚኖሩባት መንደር ነበረች። ታች መንደር እንላታለን። እንስራውን፣ ድስቱን፣ ጋኑን የምንገዛው ከእነሱ ነው። ቤታችን ግን አይገቡም። እጅ አንጨብጣቸውም፤ ለቅሶ ላይ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ ገበያ ላይ ቦታቸው ውሃው የሚወርድበት ዝቅተኛው ጥግ ነው። ደርግ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብሎ አውጆ ነበር። ካድሬው ሲሄድ አዋጁም ተከትሎት ሄደ። እናቴ ደግ ሴት ነበረች፤ ለማኝ ባዶ እጁን አትመልስም። እንስራ ይዛ ለመጣች ሴት የዋጋውን ገብስ ስትሰጥ ግን ቁናው የሴትዮዋን አቁማዳ እንዳይነካ ከፍ አድርጋ ነበር የምትገለብጠው። ይህንንም ሳየው ነው ያደግኩት።

ከታች መንደር ከፍ ብሎ አንድ ረግረግ ሜዳ አለ። ጭቃው ጥቁር፣ በእጅ ሲያሹት እንደ ቅቤ የሚለሰልስ ነው። የሸክላ አፈር የሚያወጡት ከዚያ ነበር። በዚያ ዓመት ሜዳው ታጥሮ ባሕር ዛፍ ይተከልበት የሚል ወሬ ተነሳ። አዲሱ ምክር ቤት ይወስናል ተባለ። ከዕጩዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጣ የጤና ረዳት አቶ ዳና፣ ገበያ መሀል ቆሞ "ያ ሜዳ ለሸክላ ሠሪዎቹ መተው አለበት፣ እንጀራቸው ነው" ብሎ ተናገረ። ታች መንደር ሰምታለች። ለምዝገባ የመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ምዝገባው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ ሰባት ሆነው ወጡ። ፊት የምትመራቸው አየለች የምትባል ሴት ነበረች፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀጠን ያለች፣ እጇ ቢታጠብም የአፈሩ ቀለም ከጥፍሯ ሥር የማይለቅ። አጠገቧ አማቷ፣ በከዘራ የሚሄድ ሽማግሌ ነበር። አልተሰለፉም። ከአጥሩ ውጪ ዛፍ ሥር ቆመው በካፊያው እየራሱ ሌላው ሰው እስኪያልቅ ይጠብቁ ጀመር። በመስኮቱ አይቻቸዋለሁ። ግቡ አላልኩም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወረፋው ወደ ሦስት ሰው ወረደ። አየለች ብቻዋን ገባችና ከመጨረሻው ሰው ራቅ ብላ ቆመች። ወሬው ቆመ። ጠረጴዛዬ ፊት የነበረው አቶ ኩማ የአባቴ ባልንጀራ ነው። ማንበብ ስለማይችል በአውራ ጣቱ ሊፈርም ነበር። ቀለም የጠጣ ሰፍነግ ያለባትን ክብ ቆርቆሮ በአገጩ አሳየኝ።

"እነሱም በዚህ ነው የሚፈርሙት?" አለ።

"አንድ ነው ያለን፣ አባባ ኩማ።"

ጣቱን ነክሮ መዝገቡ ላይ አሳረፈና በቅጠል እየጠረገ ቀና ብሎ አየኝ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ የዝናብ ነገር የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

"ነገ ባለቤቴና ልጆቼ ይመጣሉ። እነሱ ከነኩት በኋላ ግን አይመጡም። ሌላውም ሰው አይመጣም። አባትህን እንዳታስወቅሰው ብዬ ነው።"

ወጣ። ከኋላው የነበሩት ሁለት ሰዎችም ተራ በተራ ፈርመው ተከተሉት። መምህር ታደሰ ለምሳ ሄዷል። ቤቱ ውስጥ እኔና አየለች ቀረን።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አልኳት። የምንነጋገረው በጋሞኛ ነበር፤ በእኛም ቋንቋ ታላቅን ማክበሪያ አለ። ጠዋቱን ሙሉ እሷን የሚያህሉትን ሴቶች በክብር እየጠራሁ ነበር የመዘገብኩት።

"ልንመዘገብ ነው" አለች። "ሰባት ነን። የቀሩት ነገ ይመጣሉ።"

ደንቡን አውቀዋለሁ። ሥልጠናው ላይ ራሴ በደብተሬ ጽፌዋለሁ፦ ዕድሜው አሥራ ስምንት የሞላው የቀበሌው ነዋሪ ሁሉ። አትመዝግባቸው ያለኝ ማንም የለም። አቶ ኩማም ቢሆን እንዲህ አድርግ አላለኝም። ሰው ይቀራል ብሎ ብቻ ነው የሄደው። መምህር ታደሰ ቢኖር እንደሚመዘግባቸው አልጠራጠርም። ወጥቼ ልጠራው እችል ነበር፤ ቤቱ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ነው። እኔ ግን ያሰብኩት የአባቴን ሳቅ ነበር። አባቴ ገበያ ላይ "ልጅህ ነው ያረከሰን" ሲባል ታየኝ።

"ቀለሙ አልቋል" አልኳት።

ቆርቆሮው ክፍት ነበር። ሰፍነጉ እንደ ረጠበ ነው። የአቶ ኩማ አሻራ መዝገቡ ላይ ገና አልደረቀም። አየለች ቆርቆሮውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ረዘም አድርጋ።

"ነገ ይኖራል?"

"ነገ ኑ።"

ወጥታ ለሰዎቿ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ከአጥሩ ውጪ ሆኖ ከዘራውን ወደ እኔ ከፍ አደረገና "ተባረክ ልጄ" አለኝ። ተያይዘው ዳገቱን ወረዱ።

ምሳዬን ስበላ ትዝ ይለኛል። እናቴ ቆጮና በቅቤ የራሰ ጎመን ልካልኝ ነበር፤ የቃሪያው ማባያ፣ ዳጣው፣ ለብቻው በቅጠል ተጠቅልሏል። ጥሩ አድርጌ በላሁ። ይህን የምጽፈው ሰው ክፉ ነገር ሲሠራ ምግብ አልወርድ ይለዋል ሲሉ ስለምሰማ ነው። ለእኔ ወርዶልኛል።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሆነው መጡ። መምህር ታደሰ ተጨማሪ ቅጽ ሊያመጣ ወረዳ ሄዷል። የዕለቱን ውሸት መንገድ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ።

"የእናንተ መንደር መዝገብ ለብቻው ነው" አልኳቸው። "ገና አልመጣም። ቅዳሜ ኑ።"

ምዝገባው የሚያበቃው ዓርብ ነበር። ዓርብ የሚለው ማስታወቂያ ከጭንቅላቴ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ጽሕፈቱም የእኔው ነው። ከመካከላቸው ማንበብ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። ሽማግሌው እንደገና መረቀኝ። አየለች ቀድማ ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት መምህር ታደሰ መዝገቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገለጠው።

"የታች መንደር ሰዎች የት አሉ?" አለኝ። "አንድም ስም አላይም።"

"አልመጡም።"

"አልተነገራቸውም?"

"ተነግሯቸዋል። ፍላጎት የላቸውም።"

ጣቶቹን መዝገቡ ላይ አሳረፈ። ደክሞታል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። "ያሳዝናል" አለ። "በል ሪፖርቱ ላይ አስገባው።" ጻፍኩት። "የታችኛው መንደር ነዋሪዎች ለመመዝገብ ፍላጎት አላሳዩም።" መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ የተስተካከለ ነበር። መምህር ታደሰ አነበበውና ፈረመበት።

ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። ሌላ ቦታ መሄድ እችል ነበር። ለምን እዚያ እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። መጡ። በዚያን ቀን ሃያ ያህል ነበሩ፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተዋል። ሽማግሌው የታጠበ ነጭ ጋቢ ለብሷል። በዚያ ዝናብ ያን ጋቢ እንዴት እንዳደረቁት እንጃ። በሩ ተቆልፏል። አየለች ቁልፉን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ከዚያ ከጣራው ጠርዝ ሥር ተደርድረው ቆሙ።

ከጓደኞቼ አንዱ "እነዚህ ሰዎች ምን ይጠብቃሉ?" አለ።

"ይሄዳሉ" አልኩት።

አልሄዱም። ሻይ ቤቷ መስኮት የላትም፤ በር ብቻ ነው ያላት። ወንበሬን ከበሩ ወደ ውስጥ ሳብኩ። ትኩስ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በዳጣ አዘዝን። ዝናቡ መጣና ጣራውን ይደበድብ ጀመር፤ ሰው እየጮኸ ካልሆነ አይሰማም። ከሰዓት በኋላ አጎንብሼ ሳይ ሽማግሌው ብቻ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሌሎቹ ቆመው ነበር። ስምንት ሰዓት ግድም ተነሥተው ሄዱ። ከሻይ ቤቱ የወጣሁት መንገዱን ጨርሰው እንደሚሆን ካሰብኩ በኋላ ነው።

የመራጮች ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር፣ ዝርዝሩን በጣም የሚያነቡት መራጮቹ ሳይሆኑ ዕጩዎቹ መሆናቸው ነው። አቶ ዳና መነጽሩን አድርጎ ቆሞ ሲያነብ አጠገቡ ነበርኩ።

"ታች መንደር አልተመዘገበም?" አለኝ።

"አልተመዘገቡም።"

"አይ፣ እኔስ ዛሬ ልወርድ ነበር።" ሰማዩን አየ። ጥላውን ዘረጋና ሽቅብ ወደ ላይኛው መንደር ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ስም ከሌለበት ደጃፍ ማን ጭቃ ረግጦ ይሄዳል? ከዕጩዎቹ አንድም ሰው ታች መንደር አልወረደም። ስለ ሜዳው የጠየቃቸው፣ ምን ትላላችሁ ያላቸው የለም። አቶ ዳና የሄደበት ላይኛው መንደር ደግሞ አጥርና ባሕር ዛፍ ይፈልግ ነበር። ስለ ሜዳው ማውራቱን እየቀነሰ መጣ፤ በኋላ ተወው።

አቶ ዳና ተመረጠ። አቶ ኩማም ተመረጠ። የምርጫው ቀን ደስ የሚል ቀን ነበር፤ ፀሐይ ወጥታ ሰው በልብሱ አምሮ ዋለ። እኔንም ሰው አመሰገነኝ፤ ለአባቴ "ልጅህ ሥራ ያውቃል" አሉት። ስለዚህም አዲሱ ምክር ቤት የመጀመሪያ ስብሰባውን ሲያደርግ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተጠራሁ።

ሦስተኛው አጀንዳ ሜዳው ነበር። ሊቀ መንበሩ ይታጠር፣ ይተከል የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ዳና እጁን አወጣ። የወጣው በግድ ይመስላል።

"ሸክላ ሠሪዎቹ ከየት ይቆፍራሉ?" አለ።

ሊቀ መንበሩ ከፋይሉ ውስጥ ወረቀት አወጣ። "ጉዳያችን ነው ካሉ ለምን አልመጡም? ይኸው ሪፖርቱ፤ ለመመዝገብ እንኳ ፍላጎት አላሳዩም ይላል። እኛ ከእነሱ በላይ ልናስብላቸው ነው?"

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ አቶ ዳና ዘንድ ደረሰ። አነበበው። "እንግዲህ..." አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ፤ ጽሕፈቱን ያውቀዋል። ምናልባት አንድ ነገር እንድለው ይፈልግ ነበር። ምናልባትም እንዲያው ዝም ብሎ ነው ያየኝ። "መጥተው ነበር" ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለቱንም ቃል አውቃቸዋለሁ። አንገቴን ደፍቼ "በሙሉ ድምፅ ተወሰነ" ብዬ ጻፍኩ።

ክረምቱ ሳያልቅ ሜዳው ታጠረ፤ ችግኙ ተተከለ። ሸክላ ሠሪዎቹ ሁለት ሰዓት ተጉዘው ከሌላ ቀበሌ ወሰን አፈር ሊያወጡ ሞከሩ፤ እዚያም ተባረሩ። በማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ሊከሱ መጥተው ነበር ይባላል። ዳኞቹን የሰየመው ያው ምክር ቤት ነው። በመስከረም ድስትና እንስራ የሚተኮስበት እሳት ጭስ ከታች መንደር ከአንድ ሁለት ቤት በላይ አይታይም ነበር። የእናቴ የጎመን ድስት ተሰነጠቀ። ሦስት ገበያ ሄዳ የሚተካ አጣች።

"ምነው እነዚያ ሰዎች ጠፉ?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ" አልኳት።

ከሁለት ዓመት በኋላ መምህር ለመሆን ሠልጥኜ ምዕራብ ዓባያ ተመደብኩ። ከአርባ ምንጭ ስንነሣ ሙቀቱ አውቶቡሱን እንደ ምድጃ አድርጎታል። ላንቴ ላይ ጎማ ተነፈሰና ወረድን። ግራና ቀኙ ሙዝ ነው፤ ቅጠሉ ጥላ ሥር ሴቶች የተቆረጠ ሙዝ ወደ ጭነት መኪና ያቀብላሉ። አንዷ ሸክሟን አውርዳ ወደ እኔ መጣች።

"የዘለቀ ልጅ አይደለህም?"

አየለች ነበረች። ከስታለች፤ ግን ፊቷ ላይ ያኔ ያላየሁት ነገር አለ፤ ቀጥ ብላ ነው የምታየኝ። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ገብሱ ጠየቀችኝ። ከዚያ ጥቂት ሙዝ ገንጥላ ዘረጋችልኝ። እጄን ዘርግቼ ከእጇ ተቀበልኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

"እዚህ ደህና ነው?" አልኳት።

"ሥራው ይከብዳል። ግን የማን ልጅ ነሽ የሚለኝ የለም።" ሳቀች። "እዚህም መዘገቡን እኮ። እንዳንተ ያለ ልጅ ነው። አውራ ጣቴን ያዘና ቀለሙ ላይ ጫነልኝ። 'ጠንከር ያድርጉት እትዬ' አለኝ። በእኛ በኩል የቧንቧ ውሃ የለም። መመረጥ የፈለገው ሰውዬ ደጃችን ድረስ መጣ፤ በርጩማ ሰጠነው፤ ተቀመጠ።"

"ውሃው ገባ?"

"አልገባም። ግን መንገድ ላይ ስንጠይቀው ይደነግጣል።" ይህን ስትል ደስ ብሏት ነበር።

ሾፌሩ ጎማውን እያጠበቀ ነው። አሁን ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገር ገባኝ።

"ያን ቀን፣ ቀለሙ..." አልኩ።

"ነበር" አለችኝ። "አየሁት እኮ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አልኳት። በክብር እንደጠራኋት ያስተዋልኩት ካልኩት በኋላ ነው።

"ምን ልበል? ውጪ ሰው ቆሟል። አንተ ልጅ ነህ፤ ሰው እየሰማ ውሸታም ብዬ ላሳፍርህ?"

"ቅዳሜስ? ካወቁ ለምን መጡ?"

አሁን መጀመሪያ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። "አማቴ አምኖሃላ። 'የዘለቀ ልጅ ቅዳሜ ብሎናል፣ የትልቅ ሰው ልጅ ነው' እያለ ጋቢውን አሳጠበ። እሳት ላይ ነው ያደረቅነው። ዋሽቶሃል ብለው ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። ከምነግረው አብሬው ብቆም ይሻለኛል አልኩ።"

"አሁን የት ናቸው?"

"ቆላው አልተስማማውም። ወባ ነው። በመጣን በዓመቱ አረፈ።"

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሰው ተሳፈረ። እሷም ሸክሟን ልታነሣ ዞረች። "እናትህን ሰላም በላት" አለችኝ። ይቅር ይበሉኝ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ተሳፈርኩ፣ በሩ ተዘጋ፣ ቃሉ ምዕራብ ዓባያ ድረስ አፌ ላይ ቆየ። ብዙ ጊዜ በላንቴ አልፌያለሁ። ወርጄ ፈልጌያት አላውቅም።

ለረጅም ጊዜ ለራሴ የማቀርበው ሰበብ ነበረኝ። ቢመዘገቡም ሜዳው መታጠሩ አይቀርም ነበር እላለሁ። የላይኛው መንደር ሰው ይበዛ ነበር፤ እውነት ነው፣ ምናልባት አይቀርም ነበር። ግን ቢያንስ አቶ ዳና ያን ቀን ዳገቱን ይወርድ ነበር። ቢያንስ አንድ ሰው ደጃቸው ተቀምጦ አፈራችሁ ከየት ነው ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። በኋላ በስብሰባው ስለ ሜዳው ሲወሰን፣ ፊታቸውን የሚያውቃቸው ሰዎች ስለሚጠይቁት ይደነግጥ ነበር። የቀበሌ ምርጫ ምን ያደርጋል ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፤ ይህንን ለመመለስ ደግሞ የሠራሁትን መናገር አለብኝ። ስለዚህ ዝም እላለሁ።

ዛሬ አምሳ ሊሞላኝ ነው። በመጣው ምርጫ ሁሉ እመዘገባለሁ፣ እመርጣለሁ፤ በዚህ ግን የሚስተካከል ነገር የለም። እኔን ስሜን እንዳላስመዘግብ የከለከለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። የዚያን መዝገብ ብዙ ስሞች ዛሬም በቃሌ ልላቸው እችላለሁ፤ የአቶ ኩማን ስም እስከ አያቱ፣ የባለቤቱን፣ የልጆቹን። ያን ነጭ ጋቢ ለብሶ ዝናብ ውስጥ የጠበቀኝን ሽማግሌ ስም ግን አላውቅም። ሁለት ጊዜ መርቆኛል፤ አንድ ጊዜም ስምዎ ማን ነው አላልኩትም። ያን ቀን ሥራዬ ሰው ሲመጣ ስሙን መጠየቅ ብቻ ነበር።